ቅባት ውሃን ሲሸሽ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ተረኛ መላሽ እኔ ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አሁንም እዚያው ሰፈር ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ርዕሳችን ሊፒድና የሴል ሽፋን ነው። «ይሄማ የልጅ ጥያቄ ነው» ብላችሁ ዝም እንዳትሉ፤ የልጅ ጥያቄ ነው የሚያስቸግረኝ።

ከፒያሳ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ መምህር፣ ሊፒድ ማለት ቅባት ማለት ብቻ ነው? ትርጉሙ ግራ አጋባኝ።

ግራ ቢገባህ አይፈረድብህም። ፕሮቲን የሚታወቀው በአሠራሩ ነው፤ ከአሚኖ አሲድ ይገነባል። ሊፒድ ግን የሚታወቀው በጠባዩ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ዘይት፣ ቅቤ፣ ሰም፣ ኮሌስትሮል መልካቸው ለየቅል ነው። የሚያመሳስላቸው ውሃን መሸሻቸው ነው። ዶሮ ወጥ ላይ ቀዩ ነገር ለምን ከላይ ይንሳፈፋል? የበርበሬው ቀለም ከውሃው ይልቅ ቅቤው ውስጥ መሟሟት ስለሚቀለው ነው። ይህችን ሽሽት ያዝልኝ። የዛሬው ወሬ በሙሉ ከእሷ ነው የሚመዘዘው።

እሺ፣ የሴል ሽፋን ሁለት የሊፒድ ረድፍ ነው ይባላል፤ ድርብ አድርጎ የደረደረው ማነው ታዲያ?

ማንም። ራሱ ነው የሚደረደረው። ሽፋኑ በዋናነት የሚሠራበት ሊፒድ ፎስፎሊፒድ ይባላል፤ አንድ ራስና ሁለት ጭራ አለው። ራሱ ፎስፌት ስላለበት ውሃ ይወዳል። ጭራዎቹ ፋቲ አሲድ የሚባሉ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው፤ ውሃ አይወዱም። ውሃ ውስጥ ስትጨምራቸው ጭራዎቹ መደበቂያ ይፈልጋሉ። ሁለት ረድፍ ሆነው፣ ጭራ ለጭራ ገጥመው፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ ያደርጋሉ።

«ሳሙናስ ራስና ጭራ አለው፤ ለምን ሽፋን አይሠራም?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ነበረኝ። በጣም ወደድኩት። ሳሙና ጭራው አንድ ብቻ ነው። ከራሱ በኩል ሰፊ፣ ከጭራው በኩል ቀጭን ነው፤ እንደ ተቆረጠ ድፎ ቁራጭ። እንዲህ ያሉ ቁራጮችን ጫፍ ለጫፍ ስትገጥማቸው ክብ ይሆናሉ። ስለዚህ ሳሙና ትንንሽ ኳስ ይሠራል። ፎስፎሊፒድ ግን ሁለት ጭራ ስላለው ላይና ታቹ ወፍራም ነው፤ እንደ ጡብ። ጡብ ጎን ለጎን ስትደረድር ጠፍጣፋ ነገር ታገኛለህ። አንዲት ጭራ ናት ልዩነቱን ያመጣችው።

አንድ ማሳሰቢያ። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ያለ ነው። እሱን አትመኑት። የመስቀል አደባባይን የደመራ ቀን አስቡ። ሕዝቡ ይገፋፋል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ አደባባዩ ግን እንደሞላ ነው። አንድ ፎስፎሊፒድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የአንድ ባክቴሪያን ርዝመት ያህል ሊጓዝ ይችላል። ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው ልገልበጥ ካለ ግን ውሃ ወዳዱን ራሱን በቅባቱ መሃል ማሳለፍ አለበት። ያለ ረዳት ፕሮቲን ይህ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል።

ከካዛንቺስ፣ አንዲት እናት፦ የገዛሁት ዘይት ጠዋት ጠዋት ይረጋል። ባዕድ ነገር ቀላቅለውበት ይሆን?

እናቴ፣ መርጋቱ ብቻውን የባዕድ ነገር ምልክት አይደለም። የፓልም ዘይት ከሆነ ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው። የኅዳር ጠዋት የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ያውቁታል። የኑግ ዘይት በዚያው ብርድ አይረጋም።

ምክንያቱ የጭራው ቅርፅ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ሲከምሩት ጥቅጥቅ ይላል፤ ጎባጣውን ሲከምሩት ክፍተት ይበዛዋል። ስቴሪክ አሲድ 18 ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ ጭራ ነው፤ የሚቀልጠው 69 ዲግሪ ላይ ነው። ኦሌይክ አሲድም 18 ካርቦን አለው። ግን መሃሉ ላይ በአንድ ድርብ ትስስር ጎብጧል፤ እሱ 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። አንዲት ጉብጠት ከ50 ዲግሪ በላይ ለውጥ አመጣች ማለት ነው።

ሴልም ይህን ዘዴ ያውቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ የሽፋኑን ጎባጣ ጭራዎች ያበዛል። አለዚያ እንደ እርስዎ ዘይት ይረጋበታል።

ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል። ይሻላል ማለት ነው?

ይህቺ ማስታወቂያ ሁሌም ታስቀኛለች። የዕፅዋት ዘይት ድሮም ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። «ይህ ሙዝ አጥንት የለውም» እንደማለት ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከኮሌስትሮል ነፃ ነው። ነገር ግን የሚረጋ ቅባት ሲበዛ በደም ውስጥ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጀሪካኑን ስታዩ የሚረጋው ቅባት ስንት እንደሆነ ፈልጉ።

ኮሌስትሮልን ግን አትርገሙት። ጉበታችሁ ራሱ ይሠራዋል። በሴል ሽፋን ውስጥ በጭራዎቹ መሃል ይሸጎጣል። ሲሞቅ ከልክ በላይ እንዳይላሉ ይይዛቸዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተጠጋግተው እንዳይረጉ ይከለክላቸዋል። መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እኔ መምህር ነኝ።

ሚጥሚጣ ሲያቃጥለኝ ውሃ ለምን አይረዳኝም?

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ቅባት ወዳድ ነው፤ ውሃ አይዘውም። ወተት ወይም እርጎ ጠጣ።

የሴል ሽፋን ድርብ መሆኑን ማን አይቶ ነው? በዓይን አይታይ።

ሽፋኑ 7 ወይም 8 ናኖሜትር ገደማ ነው። አሥር ሺህ ቢደራረብ የአንድ ወረቀት ውፍረት ቢያህል ነው። ግን ሳያዩትም ደርሰውበታል። በ1925 እ.ኤ.አ. ጎርተርና ግሬንደል የሚባሉ ሁለት ሆላንዳውያን የበግ፣ የፍየል፣ የሰው ቀይ የደም ሴሎችን ወሰዱ። ቅባቱን አውጥተው ውሃ ላይ ዘረጉት። ስፋቱ ከሴሎቹ ገጽ ስፋት እጥፍ ሆነ። እጥፍ ከሆነ ድርብ ነው።

የሚገርመው፣ ሥራቸው ላይ ሁለት ስህተት ነበረ። ቅባቱን ሙሉ በሙሉ አላወጡትም። የለኩት ደግሞ የደረቀ ሴል ስለሆነ የሴሉን ስፋት አሳነሱት። ሁለቱ ስህተቶች ተካካሱና መልሱ ልክ ወጣ! ተማሪዎቼ ይህን እንደ ሰበብ እንዳትጠቀሙበት። ሽፋኑ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ቅባቱ ውስጥ እንደሚንሳፈፉ የሚያሳየውን ሞዴል ሲንገርና ኒኮልሰን ያወጡት በ1972 ነው።

ቅባት ውሃን የሚሸሽ ከሆነ ሴል ውሃ የሚያገኘው በየት ነው?

ጥቂቱ በቅባቱ መሃል ሾልኮ ያልፋል። ብዙ ውሃ ቶሎ ማሳለፍ ያለባቸው ሴሎች ግን፣ እንደ ኩላሊት ያሉት፣ አኳፖሪን የሚባል የፕሮቲን በር አላቸው። በዚህ ግኝት ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ኦክስጅን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ሶዲየምና ፖታሲየም ግን የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ቅባቱ አያሳልፋቸውም። ለእነሱ ፓምፕ አለ፤ 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል፣ በየዙሩ 1 ኤቲፒ (ሴል ለሥራው የሚከፍለው የኃይል ሳንቲም) ይከፍላል። ፈተና ላይ 3 እና 2ን እንዳትገለብጡ።

ሳሙና ኮሮናን ይገድላል ሲባል የነበረው ከዚሁ ጋር ይያያዛል?

አዎ። ኮሮና ቫይረስ ከሰው ሴል የዘረፈው የቅባት ልብስ አለው። ሳሙና ጭራውን ቅባቱ ውስጥ ሰክቶ ይበታትነዋል። ልብስ የሌላቸውን፣ ለምሳሌ ፖሊዮን፣ እንዲህ አያፈርሳቸውም፤ ከእጅ ላይ አጥቦ ግን ይወስዳቸዋል።

መምህር፣ ማኪያቶህ አልቀዘቀዘም?

ቀዝቅዟል። ግን እሱም የትምህርቱ አካል ነው። ወተት ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ የቅባት ጠብታ ከላሟ ጡት ሴል ይዛው የወጣችው ስስ ሽፋን አላት። ጠብታዎቹ አንድ ላይ የማይጋገሩት በእሱ ነው። አያቴ እርጎውን ቅል ውስጥ ከትታ ስትንጥ ያንን ሽፋን እየቀደደች ነበር። ሽፋኑ ሲቀደድ ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፤ ቅቤ ይወጣል። እርጎው ከሞቀ ቅባቱ ይላላና ቅቤው አልሰበሰብ ይላል። በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ይደርቅና አልያያዝ ይላል። አያቴ ቴርሞሜትር አልነበራትም። ቅሉን በመዳፏ ዳበስ ታደርግና «ገና ነው» ትል ነበር።