የቤት ኪራዩን ቤቲንግ በላው

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ታናሽ ወንድሜ ደሴ ክፍል ተከራይቶ 12ኛ ክፍል ይማራል። ኪራዩን በየወሩ እኔ ነኝ የምልክለት። ባለፈው ሳምንት አከራይዋ ደውላ የሁለት ወር እንዳልተከፈላት ነገረችኝ። ስጠይቀው መጀመሪያ ካደኝ፣ ኋላ አለቀሰ። ብሩን ቤቲንግ (የኳስ ውርርድ) በልቶታል። «አንድ ጨዋታ ነው የበላኝ እንጂ እከፍላት ነበር» ይላል። ገና 18 ዓመቱ ነው። ትምህርቱን አስቁሜ ወደ እኔ ላምጣው?
እህቱ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። አብሽሪ እህቴ፣ ትምህርቱን አታስቁሚው። ኪራዩን ግን ከእንግዲህ በእጁ አትስጪው። ለአከራይዋ በቀጥታ ላኪላት። የአስቤዛውንም ብር በየሳምንቱ እየቆራረጥሽ ላኪለት።

ስለዚያች «አንድ ጨዋታ» ግን ላጫውትሽ። ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን የአንድ ጎበዝ ተማሪዬን ደብተር ስከፍት ሃያ ምናምን የታጠፉ የቤቲንግ ትኬቶች ወደቁ። በየትኬቱ አሥር ጨዋታ ገምቷል፤ አንዷ ከተበላሸች ትኬቱ በሙሉ ይበላል። እያንዳንዱ ላይ ያበላሸችበትን ጨዋታ በቀይ እስክሪብቶ ከቧታል። ልቤን ያመመኝ መበላቱ አይደለም፤ ያ ቀይ ክብ ነው። ልጁ በየሳምንቱ «ደረስኩ» እያለ ነበር።

አልተቆጣሁትም። አስቀምጬው ትኬቱ ጀርባ ላይ አሰላን። አንድ ጨዋታ የማግኘት ዕድልህ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል አልኩት። አሥሩም የሚሳኩት ከ1,024 አንዴ ነው። የእያንዳንዱ ጨዋታ ኦድ (ብርህ የሚባዛበት ቁጥር) 1.85 ከሆነ በ10 ብር የሚከፈልህ ወደ 4,700 ብር ነው። ከዕድሉ ጋር የሚመጣጠነው ክፍያ ግን 10,240 ነበር። ከግማሽ በላዩን ቤቲንግ ቤቱ አስቀርቶታል።

ይሄ ብዙም አልደነቀው። ዝም ያሰኘው ቀጥሎ ያሰላነው ነው። ዘጠኙን አግኝቶ በአንዷ መበላት፣ አሥሩንም ከማግኘት አሥር እጥፍ የቀለለ ነው። «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚለው ነገር ለሁሉም ሰው የሚደርስ ነው ማለት ነው። ወንድምሽም ይህን በራሱ እጅ ማስላት አለበት። ብትነግሪው አይሰማሽም።

ቅዳሜ ከፈረቃ ስትወጪ ሚኒባስ ያዢና ነዪ። ስልኩን ያውጣ። የሦስት ወሩን ያስገባውንና ያወጣውን በሁለት ዓምድ ይጻፍ፣ እሱ ይደምር። አንቺ ዝም በይ። አካውንቱ በማን ስም እንደተከፈተም ጠይቂው። ቤቲንግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ክልክል ነው፤ ስለዚህ መታወቂያውን ያዋሰው ትልቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ያን ሰው ሄደሽ አናግሪው። አፑም አንቺ እያየሽ ይጥፋ።

ጓደኞቹ ማታ የሚሰበሰቡት እዚያው ቤቲንግ ቤት ከሆነ ብቻውን መቅረት ይከብደዋል። ይሄን አትናቂበት። ኳስ ማየቱን አትከልክዪው፤ ኳሱ ምንም አላደረገውም።

ከዚያ አከራይዋ ዘንድ አብራችሁ ግቡ። ዕዳውን በስንት ወር እንደምትከፍሉ አንቺ ተነጋገሪ። ይቅርታውን እሱ ይጠይቅ።