ለውሻዬ ጥሬ ሥጋ ልስጠው?

ሰሞኑን ስለ ውሻና ስለ ጥሬ ሥጋ የደረሱንን ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት፣ 25 ኪሎ የሚመዝን የጀርመን ሸፐርድ ክልስ አለኝ። እስካሁን የሚበላው የእንጀራ ፍርፋሪና ሩዝ በሾርባ ነው። ወደ ጥሬ ሥጋ ላዛውረው አስቤያለሁ። እኛም ቁርጥ እንበላለን፤ ለውሻ ምን ችግር አለው? መጠኑስ ስንት ነው? (ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እርስዎ የሚቆርጡት ሥጋና ውሻዎ የሚደርሰው ሥጋ አንድ አይደለም። ለቁርጥ የሚቀርበው በቄራ ታርዶ፣ ተመርምሮ ማኅተም ያረፈበት ቀይ ሥጋ ነው፤ ያም ሆኖ ኮሶ የሚይዘን ከዚያው ነው። ለውሻ የሚጣለው ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ያልፈለገው ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያ ነው። ለውሻ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም የሚያሰጋው ትል የሚገኘው እዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ ሁሉም ሥጋ መጀመሪያ በረዶ ውስጥ መቆየት አለበት። ዝርዝሩን ከታች ያገኙታል።

ጤነኛ አዋቂ ውሻ በቀን የክብደቱን ከ2 እስከ 3 በመቶ ይበላል። ለእርስዎ ውሻ 2.5 በመቶ ብንይዝ 625 ግራም ይሆናል፤ ጠዋትና ማታ ይከፈል። ከዚህ ውስጥ 500 ግራም ያህሉ ቀይ ሥጋ ነው፤ ልብና ምላስም እንደ ሥጋ ይቆጠራሉ። 60 ግራም አጥንት፣ 30 ግራም ጉበት፣ የቀረው 30 ግራም ኩላሊት ወይም ጣፊያ ይሁን። የዶሮ አንገት ሲሶው ገደማ አጥንት ስለሆነ፣ 60 ግራም አጥንት ለማግኘት 170 ግራም ያህል አንገት ይበቃል፤ በላዩ ያለው ሥጋ ከ500ው ይቀነሳል።

አጥንት መስጠት ካልፈለጉ የእንቁላል ቅርፊት ይተካዋል። ቅርፊቱን አጥበው 10 ደቂቃ ያፍሉት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ በቡና መፍጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይፍጩት። ለአንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ግራም ገደማ ይበቃል። ሻካራ ሆኖ ከቀረ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል። ይህን የምንለው ለአዋቂ ውሻ ብቻ ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ከቀኑ ምግብ ሩቡ ብቻ ጥሬ ይሁን፤ የቀረው የለመደው ሩዝ። ከ5ኛው ቀን ግማሽ በግማሽ፣ ከ9ኛው ቀን ሦስት አራተኛው፣ ከ13ኛው ቀን በኋላ ሙሉውን። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ይስጡ፤ ጮማው የተነሣለት የበሬ ሥጋ ጥሩ ነው። ሦስት ዓይነት ሥጋ ባንዴ ጀምረው ሆዱ ቢበላሽ የትኛው እንዳስቸገረው ማወቅ አይቻልም። ጉበት በ3ኛው ሳምንት በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ይጀመርና ቀስ በቀስ 30 ግራም ይድረስ። በሳምንት ሁለት ሦስት እንቁላልና አንድ ጊዜ በውሃ የታሸገ ሰርዲን ቢጨመር የበሬ ሥጋ የሚያጎድለውን ቫይታሚን ዲና ኦሜጋ 3 በከፊል ይሞላል። ይህም ሆኖ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ቫይታሚን ኢ ይጎድላሉ። ከሁለት ወር በላይ የሚቀጥሉ ከሆነ ለእንስሳት ሐኪምዎ አሳይተው ማሟያ ያስጨምሩ።

ሰገራውን በየቀኑ ይዩት። ነጭ ሆኖ እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንቱ በዝቷል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድርቀት ነው። ጠቆር ብሎ ከቀጠነ ጉበቱ በዝቷል። እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ቅባት ያዘለና ለስላሳ ከሆነ ጮማ ይቀንሱ። ጮማ በብዛት የበላ ውሻ ጨጓራው ስር ያለው ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፦ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ሲነኩት ይጎብጣል፣ ምግብ አይቀርብም። ይህ ቤት ውስጥ የሚታከም ሕመም አይደለም።

ቅልጥም አይስጡት። የበሬ እግር አጥንት ከውሻ ጥርስ ይበረታል፤ የላይኛው ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ ለሁለት የሚሰነጠቀው እሱን ሲቆረጥም ነው። የበሰለ አጥንትም አይሆንም፤ ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል። ከወጥ የተረፈ ማንኛውም ነገር ደግሞ ሽንኩርት አለው፤ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ በስሎ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል።

ጥያቄ፦ ሥጋው በረዶ ይሁን ይባላል። የኔ ፍሪጅ ባለ አንድ በር ነው፤ መብራትም ይጠፋል። በሁዳዴ ደግሞ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። እንዴት ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ባለ አንድ በር ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሿ የበረዶ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አትበቃም። በሯ ላይ ኮከብ ካለ ይቁጠሩ፤ አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት ኮከብ 12፣ ሦስት ኮከብ 18 ማለት ነው። የሚያስፈልገው ከዜሮ በታች 18 ወይም ከዚያ የበለጠ ቅዝቃዜ ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ 10 ቀን ከቆየ በሥጋና በሆድ ዕቃ ውስጥ ያሉ የትል ከረጢቶች ይሞታሉ። ሥጋውን የአንድ ቀን የአንድ ቀን አድርገው በስስ ከረጢት ጠፍጥፈው ያስቀምጡ፤ ወፍራም ጉማጅ መሐሉ ድረስ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ይወስዳል። ቀኑን በላዩ ይጻፉበት፤ 10 ቀን የሚቆጠረው ሙሉ በሙሉ በረዶ ከሆነበት ነው።

ባክቴሪያን ግን በረዶ አይገድልም። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እንቅልፍ እንደያዘው ይቆይና ሥጋው ሲሟሟ እንደገና ይራባል። ስለዚህ ከመስጠትዎ በፊት ያለውን ሌሊት በፍሪጁ ታችኛ መደርደሪያ፣ በጎድጓዳ ዕቃ ያሟሙት፤ ጠረጴዛ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ አያውጡት። ውሻው በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልበላውን ያንሱ። ቢላና መክተፊያው የውሻው ብቻ ይሁን።

ስለ መብራት፦ የሞላ ዲፕ ፍሪዝ በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24 ሰዓት ገደማ። ቤት በሌሉበት መብራት ጠፍቶ መምጣቱን ለማወቅ በአንድ ስኒ ውሃ አድርገው በረዶ ሲሆን በላዩ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ሳንቲሙ እዚያው ላይ ካለ ደኅና ነው፤ ወደ ስኒው ሥር ወርዶ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ካገኙት ውሃው ሟሙቶ እንደገና ረግቷል፣ ሥጋውም እንዲሁ ሆኗል። ያን ጊዜ ይጣል። ሥጋው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት እያለ ከደረሱበት ግን መልሰው ማቀዝቀዝ ይችላሉ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በቀን 625 ግራም ሲባዛ ከ34 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ተራ ፍሪዘር ይህን ከቤቱ ዕቃ ጋር አይችልም። ከሙስሊም ሥጋ ቤት መግዛት አንዱ መንገድ ነው። ካልተመቸ ውሻዎን ቀድመው የተቀቀለ ሥጋ በሩዝ፣ እንቁላልና የታሸገ የውሻ ምግብ እያፈራረቁ ያልምዱት፤ ባንዴ መቀየር ሆዱን ያበላሻል። በእኛ ግምት መብራት በሳምንት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ጥሬውን ትቶ ቀቅሎ ቢሰጥ ይሻላል። ውሻው የሚያጣው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ለበዓል በግ እናርዳለን፣ በሬም ቅርጫ እንገባለን። ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ስናገኝ ያንን ቆርጠን ለውሾች እንጥላለን። ጭንቅላቱም ለነሱ ነው። ይህ ጉዳት አለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከሁሉም ደብዳቤዎች አጥብቀን ልንመልስ የምንፈልገው የእርስዎን ነው። እባክዎ ከእንግዲህ አይጣሉላቸው።

ያ ውሃ የቋጠረው ከረጢት፣ አንዳንዴ የሽንብራ፣ አንዳንዴም የቡጢ ያህል የሚሆነው፣ ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል እጭ ነው። ውሻ ሲበላው በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የትል ራሶች አንጀቱ ላይ ይጣበቁና ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናሉ፤ በዓይን ለማየት ያስቸግራሉ። ውሻው አይከሳም፣ አያስመልስም፣ ምንም አይመስልም። ከ6 እና 7 ሳምንት በኋላ ግን ዕንቁላሉ በሰገራው መውጣት ይጀምራል፤ ከፀጉሩ፣ ከምላሱ፣ ከጓሮው ጎመን ላይ ተነሥቶ ወደ ልጆች አፍ ይገባል። ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው የውሃ ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በቄራ የሚታረድ ከብት ይመረመራል፤ በቅርጫና በግቢ የሚታረደውን ግን የሚያየው የለም።

የበጉን ጭንቅላት በተመለከተም ሌላ ትል አለ። ራሱን አዝምሞ በአንድ አቅጣጫ የሚዞረው በግ፣ አዙሪት ያዘው የሚባለው፣ አንጎሉ ውስጥ ከረጢት አለ። ያን አንጎል የበላ ውሻ ዕንቁላሉን በግጦሹ ላይ ይዘራና የሚቀጥሉትን በጎች ያስይዛል።

ከረጢት የታየበትን ሳንባና ጉበት ያቃጥሉ፤ ካልሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ይቅበሩና ድንጋይ ይጫኑበት፤ ጥልቀት ከሌለው ውሾቹ ቆፍረው ያወጡታል። ጤነኛ የሚመስለውን የሆድ ዕቃም በትንንሹ ቆርጠው፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ለ40 ደቂቃ ቀቅለው ይስጡ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጊዜውን አያሳጥሩ። ራሱ የሞተ ከብት ሥጋ ደግሞ ለማንም አይሰጥ፤ በድንገት የሞተ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይገፈፍም፣ አይከፈትም።

እስካሁን የበሉት ውሾች ፕራዚኳንቴል ያስፈልጋቸዋል፤ መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፣ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም። በየዓመቱ የሚወጋው አይቨርሜክቲን ይህን ትል አይገድልም፤ ብዙ ሰው ግን «መድኃኒት ተወግቷል» ብሎ ይዘናጋል። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል እንጂ ዕንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከተሰጠው በኋላ ለ3 ቀን ታስሮ ይቆይና ሰገራው ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። ያልተቀቀለ የሆድ ዕቃ የሚያገኝ ውሻ በየ6 ሳምንቱ መድገም አለበት።

ጥያቄ፦ ሥጋ ቤት ጉሮሮ በርካሽ አገኛለሁ፤ ውሻዬ ለወራት የበላው እሱን ነው። ምግቡን ጠርጎ ይበላል ግን እየከሳ ነው፤ ያለክልካል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አርፎ አይተኛም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ጉሮሮውን ነው። በከብት የአየር ቧንቧ ጎንና ጎን፣ ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ፣ ታይሮይድ የሚባለው ቀይ ቡኒ ዕጢ አለ። ሲታረድ ከጉሮሮው ጋር ይቆረጥና ሆርሞኑ በቀጥታ ወደ ውሻው ደም ይገባል። መቀቀልም አያጠፋውም። ጉሮሮውን ዛሬ ያቁሙና ሐኪም በደም ምርመራ የታይሮይድ ሆርሞኑን መጠን እንዲለካ ያድርጉ። ምክንያቱ ይህ ከሆነ ያለ መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለሳል። መጠኑ ካልወረደ የውሻው የራሱ ታይሮይድ ይታይ፤ ከመጀመሪያውም ትክክል ከሆነ ደግሞ ስኳርና ኩላሊት ይታዩ።

ጥያቄ፦ የ3 ወር ቡችላ ገዛሁ። ከመጀመሪያው ጥሬ ሥጋ ብቻ ላሳድገው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይሆንም። ቀይ ሥጋ ከካልሲየሙ ፎስፈረሱ ከ15 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሥጋ ብቻ የበላ ቡችላ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይበደራል፤ እግሩ ይጎብጣል፣ ያነክሳል፣ ሲዘል አጥንቱ ይሰበራል። ካልሲየም በግምት መጨመርም በትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ላይ አጥንት ያጣምማል። እስከ 12 ወር፣ ትልቅ ዝርያ ከሆነ እስከ 18 ወር፣ ለቡችላ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ይስጡት።

ጥያቄ፦ እዚህ የታሸገ ጥሬ የውሻ ምግብ በየሱቁ አለ። የ2 ዓመት ልጅ አለኝ፤ እናቴም ኬሞቴራፒ ላይ ሆነው አብረውን ይኖራሉ። ልግዛ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በእርስዎ ቤት አይግዙ። ጥሬ የሚበላ ውሻ ራሱ ሳይታመም ሳልሞኔላ በሰገራውና በምራቁ ሊያወጣ ይችላል፤ ለሕፃኑም ለእናትዎም አደጋ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ከ2012 ጀምሮ ያልበሰለ የእንስሳት ውጤት ለውሻና ለድመት መስጠትን አይደግፍም። በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) የወፍ ጉንፋን ኤች5ኤን1 ጥሬ ምግብ የበሉ ድመቶችን ከገደለ በኋላ፣ ያልበሰለ የዶሮ ወይም የከብት ውጤት የሚጠቀሙ የውሻና የድመት ምግብ አምራቾች የጥንቃቄ ዕቅዳቸውን እንዲከልሱ አዟል። በከፍተኛ ግፊት የታከመ የሚል ጽሑፍ ያለበት ባክቴሪያው ቀንሷል፣ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። ትኩስ ሥጋ መስጠት ከፈለጉ በስሎ በበረዶ የሚሸጠውን ይግዙ፤ ማሸጊያው ላይ በአፍኮ፣ ማለትም የአሜሪካ የእንስሳት መኖ ደረጃ በሚያወጣው ማኅበር መለኪያ ለአዋቂ ውሻ የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጡ። ለምግብ ማሟያ ወይም አልፎ አልፎ ለመስጠት ብቻ የሚል ከሆነ የዘወትር ምግብ አይሆንም።