የአንደኛው ዓለም ጦርነት በ1916 ቢያበቃስ? ጥያቄና መልስ

የላካችሁትን ጥያቄ አንድ ባንድ እመልሳለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ቀኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ያኔ እርቅ የሚወርድበት ዕድል በእርግጥ ነበር?

መ፦ ነበር፤ ግን ጠባብ ነበር። የጀርመኑ ቻንስለር ቤትማን ሆልቬግ ዲሴምበር 12 ቀን 1916 «እንነጋገር» ሲል ጀርመኖች የሩማንያን ዋና ከተማ ቡካሬስትን ከያዙ ሳምንት አልሞላቸውም። ጥሪው የድል አድራጊ ፉከራ ነበረበት፤ ምን እንደሚለቁ ደግሞ አንዲት ቃል አልሰፈረበትም። እንግሊዝና ፈረንሳይም ወሩ ሳያልቅ ውድቅ አደረጉት። እኔ ታሪኩን የምቀይረው እዚህ ላይ ነው፦ ጀርመን «ቤልጂየምን ያለ ቅድመ ሁኔታ ለቅቄ እወጣለሁ» ብላ ብትጽፍስ? እንግሊዝ ለሕዝቧ ስትናገር የከረመችው ለቤልጂየም ስል ገባሁ እያለች ነው። እምቢታዋን ለማስረዳት በጣም ይቸግራት ነበር።

ጥ፦ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ እስከ መጨረሻው እንዋጋለን ይል አልነበር እንዴ?

መ፦ ይል ነበር። የአገሩን ኪስ ግን ተመልከቱ። ጥይቱም ስንዴውም የሚገዛው ከአሜሪካ፣ ያውም በብድር ነው። በኖቬምበር 1916 መጨረሻ የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ባንኮች ለተዋጊ መንግሥታት በሚሰጡት የአጭር ጊዜ ብድር እንዲጠነቀቁ በይፋ አሳሰበ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን የገንዘቡን ቧንቧ ጠበቅ ቢያደርገው ለንደን በጥቂት ወራት ውስጥ ትጨነቅ ነበር። ከዚህ ጣጣ ያወጣቻት ጀርመን ራሷ ናት፤ በፌብሩዋሪ 1917 ያገኘችውን መርከብ ሁሉ በሰርጓጅ መምታት ጀመረች፣ በኤፕሪል አሜሪካ ጦርነት አወጀች።

ጥ፦ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ካርል የሞከረው ድብቅ ሽምግልናስ?

መ፦ በሚስቱ ወንድም በሲክስተስ በኩል ነው። ማርች 1917 በጻፈው ደብዳቤ ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ባለው በአልሳስ ሎሬን ላይ ያላትን ጥያቄ ፍትሐዊ ነው አለ። የሰው መሬት መቸር ይቀላል! ጣልያን ከእሱ የምትፈልገውን ለመስጠት ሲሆን ግን እጁ አልተፈታም። እኔ በዚህ መንገድ ተስፋ የለኝም።

ጥ፦ ሌኒን፣ ሂትለር፣ ሙሶሊኒ?

መ፦ በዚያ ዲሴምበር ሌኒን ዙሪክ ውስጥ ከአንድ ጫማ ሠሪ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ በጃንዋሪም ለወጣቶች ሲናገር እኛ ሽማግሌዎቹ የሚመጣውን አብዮት ላናየው እንችላለን አለ። ሂትለር ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦርነት ላይ ቆስሎ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ሙኒክ ነው። ሙሶሊኒ ገና ኦስትሪያን የሚዋጋ ወታደር ነው። የሩሲያው ዛር በእርቅም የሚተርፍ አይመስለኝም፤ የዳቦው ችግር በፊርማ አይፈታም። የሌኒን ፓርቲ ቦልሼቪኮች ግን «ሰላም» የሚለውን መፈክር ያጣሉ፣ ጀርመንም ሌኒንን በባቡር ወደ ሩሲያ የምታሳልፍበት ምክንያት አይኖራትም።

ጥ፦ ልጅ ኢያሱ ከዙፋናቸው አይወርዱም ነበር ማለት ነው?

መ፦ ወርደው አልቋል። እሳቸው የወረዱት በእኛ መስከረም 17 ቀን 1909፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተሸነፉት በጥቅምት 17 ነው፤ የጀርመን ጥሪ ከዚያ ወር ተኩል ዘግይቶ መጣ። ለእኛ ይልቅ ዋናው ጥያቄ ጣልያን ናት። በ1915 ለንደን ላይ የተፈረመው ምስጢራዊ ውል 13ኛው አንቀጽ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪካ ግዛቶች ከወሰዱ ጣልያን በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ድንበሮች ካሳ እንድትጠይቅ ይፈቅዳል። በኤርትራና በሶማሊያ መካከል ያለው የማን አገር እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ ከተባለ አንቀጹ ይሞታል። ጣልያን ግን ያን ሁሉ ሰው አስጨርሳ የኦስትሪያን ወደብ ትሬስቴን እንኳ ሳታገኝ ትመለሳለች። ያ ቂም ያለ ሙሶሊኒም ወደ እኛ ሊዞር ይችል ነበር፤ የአድዋን ሽንፈት እንበቀል የሚሉት ከእሱ በፊትም ነበሩ።

ጥ፦ እንዲህ ያለው እርቅ የሚጎዳው ሰው አይኖርም?

መ፦ አርመኖች። በ1915 በጅምላ ተጨፍጭፈዋል፣ ተሰደዋል። ይህን ያስፈጸሙት የኦቶማን ቱርክ መሪዎች እነ ታላት ፓሻ በ1916 መጨረሻም ኢስታንቡል ላይ ሥልጣን ላይ ናቸው። ዊልሰን ባሰበው ዓይነት ድርድር እነሱም ከጠረጴዛው ይቀመጣሉ፤ ያለ እነሱ ፊርማ ደግሞ እርቁ አይጸናም።