ጋሽ ፖምፓን ጠይቁ፦ አሮጌ ዶልፊን፣ ናፍጣና አየር

ጋሽ ፖምፓ፦ ሰላም ዋላችሁ ጀመዓ። ከጁምዓ መልስ ጋራዡን አልከፈትኩም፤ አቦሉ ቀርቧል፣ ጠይቁ። የምናወራው ስለ አሮጌው ዶልፊን፣ ስለ ቶዮታው ሚኒባስ ነው፤ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል፣ ፋይቭ ኤል ሞተር። የኮምፒውተር ናፍጣ ያለው አዲስ መኪና ይዞ የሚመጣ ወደ ሌላ ሰው ይሂድ። አስቀድሜ ልናገር፦ ናፍጣው ውስጥ አየር መግባቱን ሳታጣሩ ፖምፓ፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን፣ አታስወርዱ።

ከደሴ፦ ጋሼ እንዴት ዋሉ? መኪናዬ አይነሳም። ምን ይሆን?

ጋሽ ፖምፓ፦ አይነሳም ማለት? ሞተሪኖው (ማስነሻው) አይዞርም ወይስ ይዞርና አይይዝም? ጭስ አለ? ሐኪም ቤት ሄደህ «አመመኝ» ብለህ ዝም ትላለህ? አጣርተህ ተመለስ።

ከኩታበር፦ ጋሼ፣ የእኔ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖ ብዙ ካልመታሁ አይነሳም። ሲነሳም ትንሽ ይንገዳገድና ይስተካከላል። ቀኑን ሙሉ ግን ደህና ነው። ሽቅብ አቁሜው ካደረ ይብሳል። ካንዴሌታ (ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀውን) ቀይሬያለሁ። አንድ ጋራዥ «ፖምፓው አልቋል» ብሎኛል።

ጋሽ ፖምፓ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! አብሽር፣ ፖምፓህ ያለቀ አይመስለኝም። ያለቀ ፖምፓ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲሞቅ ነው፤ ምሳ በልተህ ስትመለስ እምቢ ይልሃል። ያንተ ናፍጣ ሌሊቱን ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ነው የሚያድረው።

ይህ ሞተር ታንከር ውስጥ ናፍጣ የሚገፋለት ፓምፕ የለውም። ፖምፓው ራሱ ነው ከኋላ ድረስ እየመጠጠ የሚያመጣው። ስለዚህ መምጠጫው ቱቦ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትኖር ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ያያል፣ ደረቅ ነው፣ «ፖምፓ ነው» ብሎ ይወጣል።

ነገ ጠዋት ቁልፍ ሳትነካ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ ደጋግመህ ጫናት። ከዚያ ባንድ ምት ከተነሳ፣ አየር ነው። ቀጥለህ ወደ ፖምፓው የሚገባውን ጎማ አውጣና ውስጡ የሚታይ ቱቦ አስገባበት። ሞተሩ እየሠራ አረፋ ሲያልፍ ታያለህ። አሁን ከየት እንደሚገባ ነው የቀረው። ንጹህ ናፍጣ በጀሪካን ያዝ፣ ከታንከር የሚመጣውን ቱቦ ከፊልትሮው ንቀልና በምትኩ ከጀሪካኑ አጭር አዲስ ቱቦ አስገባ። አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ከፊልትሮ ወደ ኋላ ነው፤ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ሥር የደረቀውን ጎማ ሁሉ ቀይር። ካልጠፋ የእጅ ፓምፗ ራሷ ናት፣ ወይ ፊልትሮው ሥር ያለችው የውሃ ማመልከቻ። ፊልትሮ ሲቀየር ማመልከቻዋን ከነአሮጌ ጎማዋ ያዞሩና ጎማዋ ተጣጥፋ ትቀራለች። ባለፈው ክረምት አንድ የወረኢሉ ሾፌር ሁለቴ ፖምፓ አሠርቶ መጣ። ያቺን እንደ ቀለበት ያለች ጎማ ቀየርኩለት፣ ሄደ።

ከሐይቅ፦ እኔ ግን ላምባ ቀላቅዬ ነው የተገላገልኩት። ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ያጥባል።

ከመርሳ፦ ወላሂ እውነት ነው። አምስት ለአንድ።

ጋሽ ፖምፓ፦ አጥቦላችሁ አይደለም። የዚህን ፖምፓ ውስጥ የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት የለም፤ ናፍጣው ራሱ ነው ዘይቱ። ላምባ ቀጭን ነው፣ ብረት ከብረት ያፋጫል። ከዓመት በኋላ ፖምፓው እውነትም ያልቅና ወደ እኔ ትመጣላችሁ።

ከከሚሴ፦ ጋሼ፣ መኪናው የኔ ነው፣ ሾፌሩ ሌላ ነው። በየሁለት ሳምንቱ «ፊልትሮ ተዘጋ» እያለ ብር ይቀበለኛል። ይዋሻል?

ጋሽ ፖምፓ፦ እህቴ፣ ሰው አልፈርድም። ግን አሮጌውን ፊልትሮ አምጣ በይው። ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በብርጭቆ ቅዱና ትንሽ ይቆይ። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፤ በዓይንሽ ታያለሽ። ዝገት ከመጣ ታንከሩ ወርዶ ይታጠብ። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ የምትገዙ ከሆነ ሾፌርሽ ላይዋሽ ይችላል።

ከላሊበላ፦ የኔ ቤንዚን ነው፣ ካርቡራቶሩ...

ጋሽ ፖምፓ፦ ቤንዚን አልነካም።

ከኮምቦልቻ፦ ሐረጎን፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት፣ ስወጣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ጉልበትም የለው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደህና ነው። «ፖምፓውን ላስተካክልልህ» የሚል ልጅ አለ።

ጋሽ ፖምፓ፦ ፖምፓው ላይ የናፍጣውን መጠን የምትወስነውን፣ በሽቦ የታሸገችውን ቡሎን እንዳያስነካህ! ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ አየሩ ሲያንስ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 አካባቢ ናት፤ እዚህ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ትንሽ ማጨሱ ያለ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮህን አውጥተህ እይ፤ የባቲ አቧራ ሞልቶት ይሆናል። ከዚያ ኖዝሎቹን አስመርምር። ኖዝል ሲፈተሽ ደግሞ እጃችሁን ከፊቱ አታድርጉ፤ ከ100 ባር በላይ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ጭረት ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ከኮምቦልቻ (ሌላ)፦ እኔ ስወጣ የበላውን ስወርድ አካክሳለሁ። ሐረጎን ማርሽ አውጥቼ ነው የምንከባለለው።

ከደሴ (ሌላ)፦ ፍሬንህ እየሸተተ የምታልፈኝ አንተ ነሃ!

ከኮምቦልቻ (ሌላ)፦ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

ከሐይቅ፦ ሰውየው ልክ ነው፣ ናፍጣ ይቆጥባል።

ጋሽ ፖምፓ፦ አይቆጥብም! ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ፖምፓው ናፍጣ ይዘጋል። ማርሽ ስታወጣ ግን ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይጠጣል። ቁልፍ የሚያጠፉም አሉ። ፍሬኑን የምታግዘው ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ናት፤ ሞተር ሲቆም እሷም ትቆማለች፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከባቲ፦ አንድ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ጉልበት አጥቶ ይጠፋል። ቆይቶ ይነሳል።

ጋሽ ፖምፓ፦ ሲጠፋ የታንከሩን ክዳን ክፈት። «ፉጭ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ፣ መተንፈሻው ተደፍኗል።

ከወልዲያ፦ ፖምፓ ማሠራት ስንት ነው?

ጋሽ ፖምፓ፦ ዋጋ እዚህ አልናገርም።

ከወልዲያ፦ አየር የያዘ ስለመሰለኝ ነው። ላስወርደው?

ጋሽ ፖምፓ፦ ያ ረቢ! ለኩታበሩ ልጅ የጻፍኩትን አንብብ። ከዚያ ደግመህ አንብበው።

ከደሴ፦ ጋሼ ተመለስኩ። ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል። በጭስ ማውጫው ግን ምንም ጭስ የለም።

ጋሽ ፖምፓ፦ አየህ፣ ይሄ ወሬ ነው። ነጭ ጭስ እንኳ ከሌለ ናፍጣ ሲሊንደር አልደረሰም። ፖምፓው ላይ አንዲት ሽቦ የምትገባባት ናፍጣ መዝጊያ አለች። አንድ ሰው ቁልፍ ይክፈት፣ አንተ ጆሮህን አስጠጋ። «ጠቅ» ትላለች?

ከደሴ፦ አትልም። ሽቦዋ ወልቃ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ትናንት ራዲያተር ሲሠሩ ነው መሰል።

ጋሽ ፖምፓ፦ ስካት።

ከደሴ፦ ተነሳ!

ጋሽ ፖምፓ፦ በቴፕ እንዳታስራት። ሶኬቷን ቀይር።