ዳሽቦርዱ ከመውረዱ በፊት፦ ስለ መኪና ሂተር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በደብረ ብርሃን ከተማ የመኪና ራዲያተርና ሂተር በመጠገን ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ሲበረታ ሰው ሁሉ ሂተሩን ያስታውሳል፤ በዚያው ሰሞንም ያለ በቂ ምርመራ የሚወርደው ዳሽቦርድ ይበዛል። ከአካባቢያችን አሽከርካሪዎችና ከወጣት መካኒኮች የመጡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ የታክሲ ሹፌር)፦ ሂተሬን ስከፍተው የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። ጋራዥ ስወስደው «የሂተሩ ራዲያተር ሞቷል፣ ዳሽቦርዱ ይውረድ» ተባልኩ። ላስወርደው?

ወንድሜ፣ ገና ነው። የሂተር ራዲያተር ማለት ከዳሽቦርዱ ጀርባ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ሲሆን፣ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ውሃ በአንድ ቱቦ ገብቶበት በሌላው ይመለሳል፤ ፋኑ ደግሞ በላዩ ላይ አየር እየነፋ ሙቀቱን ወደ እናንተ ያመጣዋል። ሁለቱ ቱቦዎች ሞተሩንና የተሳፋሪውን ክፍል በሚለየው ግድግዳ በኩል ስለሚያልፉ ኮፈኑን ከፍቶ በእጅ መዳሰስ ይቻላል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ የሂተሩን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ አዙረው፣ ከሚሽከረከረው ፋንና ከቺንጊያው እጅዎን አርቀው ሁለቱንም በጥንቃቄ ይንኳቸው።

ሁለቱም እኩል ትኩስ ሆነው የሚነፋው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ራዲያተሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር በሚያቀላቅለው በር ወይም በሩን በሚጎትተው ገመድ ላይ ነው፣ ይህም ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱን ሳያወርዱ ይደረስበታል። አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ ወይ ራዲያተሩ ደፍኗል፣ ወይም በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ ከግድግዳው አጠገብ ያለው የውሃ መዝጊያ አልተከፈተም። ሁለቱም ለብ ካሉ ደግሞ በመጀመሪያ የውሃውን መጠን፣ ቀጥሎ ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ዋናው ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ) እንደሆነ ይመርምሩ። በእኛ ብርድ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ ራሱ በአግባቡ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ለሂተሩ የሚሰጠው ነገር የለውም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ ጥገና የሚቆጠርባቸው ጋራዦች መኖራቸው ከልብ ያሳዝነኛል፤ ነዳጅ ያባክናል፣ ሞተር ያስረጃል፣ ሹፌሩንም ያበርዳል።

የደፈነ ራዲያተር እንኳ ወዲያው ተስፋ አይቆረጥበትም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለቱን ቱቦዎች ነቅሎ፣ ውሃው በሚወጣበት በኩል ንጹሕ ውሃ በቀስታ እየለቀቁ ወደ ኋላ ማጠብ ብዙውን ዝቃጭ ያስወጣል። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ግን በቀጥታ አይሰካበት፤ በሞተሩ ዋና ራዲያተር ክዳን ላይ ከተጻፈው ግፊት የሚያልፍ አየር ስሱን ብረት ይቀደዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ በተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ይረጥባል። የዝናብ ውሃ ነው ወይስ የሂተር?

እህቴ፣ በነጭ ሶፍት ነካ አድርገሽ ተመልከቺው። ኩላንት (ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ቀለም አለው፣ በጣት መካከል ያንሸራትታል፣ ሽታውም ጣፋጭ ነው። ሽታና ቀለም ከሌለው ወይ ከኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ መደፈን፣ ወይም ከፊት መስታወቱ ሥር ከሚገባ ዝናብ የመጣ ነው። ሂተሩ ሲከፈት መስታወቱ ከውስጥ በቅባት መሰል ጉም ከተሸፈነና ጨርቅ ሲያልፍበት የሚዥጎረጎር ከሆነ፣ የራዲያተሩም ውሃ ከውጭ ሳይፈስ እየቀነሰ ከሆነ፣ የሂተሩ ራዲያተር ተቀዷል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዳገት አትውጪ። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ጉም ውስጥ፣ ውጪው ሳያንስ ከውስጥም መስታወቱ ሲጋረድ የሚደርሰውን መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እኛ ቆላ ነን፣ ሂተር አንፈልግም። ሁለቱን ቱቦዎች አገናኝቶ ራዲያተሩን መተው ይቻላል?

ጋሼ፣ ለጊዜው ይቻላል፤ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ሁለቱን ጫፎች በአንድ ቱቦ ማገናኘት እንጂ ሁለቱንም መድፈን ግን ትክክል አይደለም፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ሳለ ውሃው የሚዘዋወረው በዚሁ መስመር ጭምር ነውና። እንደ ዘላቂ መፍትሔ ግን አልቀበለውም። እርስዎ የሚኖሩበት ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ቢሆንም መኪናዎ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን መውጣቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ፣ ሞተር ዳገት ላይ ሲግል ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሙቀቱን በከፊል ማስወጣት ብዙ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ያዳነ ዘዴ ነው፤ የተቆረጠ ሂተር ይህን አያደርግልዎትም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ፣ ወጣት መካኒክ)፦ ዳሽቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ላወርድ ነው። ከምን ልጀምር?

ከባትሪው ጀምር። ኔጌቲቩን ነቅለህ፣ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ የአምራቹ መመሪያ የሚያዝዘውን ጊዜ ጠብቅ፤ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ቢያንስ 90 ሰከንድ ነው፣ እኔ ግን ከዚያ በላይ እቆያለሁ። የኤርባግ መሰኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የመብራት መፈተሻ እንዳታሳርፍ። መሪውን ከመንቀልህ በፊት የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ፣ መሪውና ዘንጉ የተጋጠሙበትንም ቦታ ምልክት አድርግበት። ከመሪው ሥር ያለው ጠምዛዛ የኤሌክትሪክ ገመድ መሪው ተነቅሎ ሳለ ካዞርከው፣ መሪው ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው ጥምዝ ሊበጠስ ይችላል።

ቀጥሎ ውሃውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አፍስስና የሂተሩን ቱቦዎች ፍታ። የደረቀ ቱቦ ጠምዝዘህ አትጎትት፤ ውስጥ ያለው የራዲያተሩ አፍ ስስ ስለሆነ ይጣመማል። ቱቦውን በስለት ሰንጥቆ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይሻላል። ከዚያ የኤሲው ሳጥን አብሮ የሚወጣበት ዓይነት መኪና ከሆነ ጋዙ ወደ አየር አይለቀቅ፤ መሣሪያ ባለው ባለሙያ ይሰብሰብ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ፕላስቲኩ በብርድ ጠዋት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ስለዚህ በእኛ አገር ይህን ሥራ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ መጀመር ወይም መኪናውን ቤት ውስጥ ማሳደር ይበጃል። እምቢ ያለ ቁራጭ ካጋጠመህ ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነውና ካቻቢቴ አስገብተህ ከመፈልቀቅ ይልቅ ብሎኑን ፈልገው፤ ከክዳን ሥር፣ ከፊውዝ ሳጥኑ ጎን፣ ከኪሱ ውስጥ፣ ከፊት መስታወቱ ጥግ ተደብቆ ታገኘዋለህ። የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን በየፌስታሉ አድርገህ የየት እንደሆነ ጻፍበት፣ መሰኪያ ከመንቀልህም በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። በጀማሪነቴ ዘመን ሁሉንም ብሎን በአንድ ጣሳ አጠራቅሜ፣ ሲገጠም ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገብቼ የሽቦ እሽግ ወጋሁ፤ ጥፋቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያን መኪና እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አንድ ነገር ደግሞ አስብ፦ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች አሉ። በእነዚህ ላይ ሽቦው ተቀጥሏል፣ ሳጥኑም እንደ ፋብሪካው ሥዕል አይቀመጥም፤ ስለዚህ መመሪያ መጽሐፍ ብቻ ይዘህ አትግባባቸው። በሌላ በኩል፣ አንዳንድ መኪና የሂተሩን ራዲያተር ዳሽቦርዱን ሙሉ በሙሉ ሳያወርዱ በጎን በኩል እንዲወጣ ስለሚፈቅድ፣ አንድ ሰዓት ተንበርክከህ በባትሪ መብራት ብታየው ሁለት ቀን ልታተርፍ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ ከወረደ አብሮ ምን ይቀየር?

ሁለቱ የሂተር ቱቦዎችና ማጥበቂያ ቀለበቶቻቸው ያለ ክርክር ይቀየሩ። በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ካረጀ አዲስ ይደረግበት፤ ስፖንጅ ከሌለ አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ ሳይሆን በጎኑ ያልፍና አዲስ ዕቃ ገጥመው ብርድ ይነፋብዎታል። የአየር በሮቹ ማጠፊያዎች ይጽዱ፣ ገመዶቹ ይፈተሹ፣ የፋኑ ሞተር የሚጮህ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። የፋኑን ፍጥነት የሚመጥነው ሬዚስተርም፣ ፋኑ በአራተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከነበረ፣ አብሮ ይቀየር። አየሩን የሚያቀዘቅዘው የኤሲው ማትነኛ (ኢቫፖሬተር) አጠገቡ ስለሆነ በላዩ ላይ ያረፈው አቧራና ቅጠል ይነሣ። የጌጁ አምፖሎች የጠፉ ካሉም ይተኩ።

ጥያቄ (ከአለልቱ መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪና ባለቤት)፦ አዲሱ ተወዶብኛል። አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ አሮጌ ልግዛ?

ፈትነው ከገዙ እሺ። ሁለቱን አፎች አሽገው፣ በመኪናዎ ዋና ራዲያተር ክዳን ላይ በተጻፈው ግፊት ልክ አየር ሰጥተው ገንዳ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋ ከወጣ ይተዉት። ውስጡን ውሃ አፍስሰውበት ዝገት ወይም ጭቃ ከወጣም ይተዉት። የመዳብና የናስ የሆነው አሮጌ ዓይነት በባለሙያ ይበየዳል፤ የአሉሚኒየሙ ግን ብየዳው አይዘልቅምና ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፣ አሁንም ያፈስሳል። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠይቅዎ ምን ውሃ እንደሚጨምሩ ነው። የሂተር ራዲያተር ብቻውን አይሞትም፣ የሚገድለው በውስጡ የሚያልፈው ነገር ነው። የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ ማዕድን ስላለው ብረት ያዝጋል፣ በቀጫጭኑ መስመር ውስጥም ድንጋይ እየሆነ ይጋገራል፤ በዚህ ላይ ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመረው ዱቄት ወይም እንቁላል ከሁሉ አስቀድሞ የሚደፍነው የሂተሩን ጠባብ ቱቦ ነው። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች በረዶ አይሆኑም፣ ዝገትም ይከላከላሉ። የተጣራ ውሃ ስል ለባትሪ የሚጨመረውን አሲድ የሌለበትን ንጹሕ ውሃ ነው፤ አሲዱን በስሕተት የጨመረ ሰው ገጥሞኛልና ጽሑፉን ያንብቡ።

የራዲያተሩ ክዳን ነገር ደግሞ በእኛ ከፍታ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። ክዳኑ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገውን ግፊት ካልያዘ በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ያነሰ ነው፤ ሞተሩ ትንሽ ሲደክም ውሃው ይፈላል፣ ይጎድላል፣ ባለመኪናውም ከወንዝ ቀድቶ ይሞላል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። አንድ ርካሽ ክዳን ሳይቀየር ስንት ዳሽቦርድ ወርዷል!

ክዳኑና ውሃው ደኅና ከሆኑ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው የሞተሩ የመሬት ሽቦ (ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚያገናኘው) መላላት ነው፤ የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ብረት ሳያስነኩ በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ አድርገው ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበቡ፣ ኤሌክትሪክ በውሃው በኩል እየሄደ አሉሚኒየሙን እየበላው ነው። ሁለተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠል ነው፤ የጭስ ግፊት ውሃው ውስጥ እየገባ ደካማውን ቦታ ያፈነዳል፣ ደካማው ደግሞ ሂተሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከተገጠመ በኋላ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ውሃ የሚንዶቆዶቅ ድምፅ ይሰማል።

አየር ታምቋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ ያቁሙት፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገው ሞተሩን ያስነሡ፤ ቱቦዎቹን እየጨመቁ፣ ውሃው በወረደ ቁጥር እየሞሉ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይጠብቁ። የሞቀ ሞተር ክዳን ግን በምንም ምክንያት አይከፈት።

ጥያቄ፦ የኤርባግ መብራት በርቶ ቀረ።

አብዛኛውን ጊዜ ያልተሰካ ቢጫ መሰኪያ ወይም የተበጠሰ የመሪ ገመድ ነው። በኮምፒውተር ያስነብቡት እንጂ አምፖሉን አያውጡ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ የፈሰሰውን አሮጌ ኩላንት የት እንጣለው?

ሜዳ ላይ በፍጹም አይደፋ። አብዛኛው ኩላንት ኢትሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለበት፤ ጣፋጭ ስለሆነም በግ፣ ውሻና ሕፃን ልጅ ይቀምሱታል፣ ጥቂቱም ይገድላል። ክዳን ባለው ጀሪካን ሞልተው፣ መርዝ መሆኑን በትልቁ ጽፈውበት፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡትና ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ከዘይቱ ሳይደባለቅ ለብቻው ያስረክቡ። መሬት የፈሰሰውንም በአፈር ወይም በሰጋቱራ አስመጥጠው ይጥረጉት፤ የመጠጥ ውሃ በሚቀዳበት ምንጭ አጠገብ ግን ሥራውን ከመጀመሪያውም አይጀምሩ።