አዲሷ መኪና ድንጋይ ሳይነካት

የመጀመሪያዋን የፊልድ መኪናዬን በገዛሁ በሦስተኛው ወር የሹፌሩ በር አልከፈት አለኝ። ቁልፉ አልተበላሸም። ከበሩ ሥር ያለው ደፍ ወደ ላይ ታጥፎ በሩን ከታች ነክሶ ይዞታል። በተሳፋሪው በኩል ወጥቼ ተንበርክኬ አየሁ። ጉልበቴ ጋ እንኳ የማይደርስ ድንጋይ ነው ይህን የሠራው። መኪናዋን ስገዛ «የጎን መከላከያ አላት» ተብዬ ነበር። እኔም አምኜ ድንጋዩ ላይ ነዳኋት። መከላከያ የተባለው ቱቦ ክብደት ሲያርፍበት ታጠፈና ደፉን ራሱ ገፍቶ አስገባው።

ለካ መኪናን የሚሸከመው ስላይደር አልነበረም። ሰው ረግጦ የሚገባበት መወጣጫ ነበር።

ሁለቱን ከሩቅ ያየ ሰው አይለያቸውም። ሁለቱም በፊትና በኋላ ጎማ መካከል፣ ከበሩ ሥር የተጋደሙ ጥቁር ቱቦዎች ናቸው። ልዩነቱን ለማየት መሬት ላይ መተኛት ያስፈልጋል። የቱቦው እግሮች ወዴት እንደሚሄዱ በዓይናችሁ ተከተሉ። ቀጫጭን ሆነው ከላሜራው ጋር በትንንሽ ብሎን ከተያዙ መወጣጫ ነው። ሰው ይሸከማል፣ መኪና አይሸከምም። እግሮቹ ወፋፍራም ሆነው በሰፊ የብረት ሳህን ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናዋን ከሥር በተሸከመው ዋና የብረት አጽም ላይ ካረፉ፣ ሮክ ስላይደር የሚባለው እሱ ነው። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ቱቦው ይነካል እንጂ ደፉ አይነካም። ክብደቱ በእግሮቹ በኩል ወደ ሻንሲው ይሄዳል። እናንተም ብረቱን አስፍቃችሁ ታልፋላችሁ።

ደፉን ይህን ያህል የምፈራለት ምክንያት አለኝ። ፓራውልት ቢጎዳ ፈትቶ መቀየር ነው። በርም ይቀየራል። ደፍ ግን ከመኪናው አካል ጋር የተበየደ ነው። ክፉኛ ከታጠፈ ተቆርጦ፣ እንደገና ተበይዶ፣ ተቀብቶ ነው የሚስተካከለው። ሰው አገር ደግሞ የላሜራ ሠራተኛ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው። የኔን ያስተካከለው ሰው ሒሳቡን ሲነግረኝ ሁለተኛ እንዲደግምልኝ ጠይቄዋለሁ።

ስለዚህ አዲስ የፊልድ መኪና የገዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከትልቅ ጎማውና ጣሪያ ላይ ከሚደረደረው መብራት በፊት ስላይደሩን አስቡ። መብራቱ ለፎቶ ያምራል፣ እሱን አልክድም። አዲስ መኪና ላይ መግጠም ሌላም ጥቅም አለው። የሻንሲው ቀዳዳዎች ንጹሕ ናቸው። ጥርሳቸው አልዛገም። በረዶ በሚጥልበትና መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር የምትኖሩ ከሆነ፣ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ያው ሥራ ትግል ይሆናል። ፋብሪካው ያሰረው ብሎን አልፈታ ይላል፣ ስታስገድዱት አንገቱ ይቆረጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። መኪናችሁ ሻንሲ አላት ወይ? ላንድክሩዘር፣ ፎርረነር፣ ሃይሉክስ፣ ፓትሮል፣ ራንግለር፣ ብሮንኮ፣ እነዚህ አካላቸው ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነው። አዲሱ ላንድሮቨር ዲፌንደር ግን እንደ ድሮው አይደለም። የተለየ ሻንሲ የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው ሸክሙን የሚይዘው። ከውጪ ስታዩዋቸው ሁሉም ጡንቻ ያላቸው ይመስላሉ። ሻንሲ ለሌላት መኪና የሚሠራው ስላይደር አያያዙ ሌላ ነው፣ ለዚያው ሞዴል ተብሎ የተሠራውን ብቻ ነው መግዛት። ደግሞም መኪናችሁ ከፋብሪካው ይዛው መጥታ እንደሆነ እዩ። ራንግለር ሩቢኮን ለምሳሌ የደፍ መከላከያ ይዞ ነው የሚወጣው። እንደነዚህ ያሉት ለቀላል መንገድ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ብረቱ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ የቱቦውን ውፍረት ነው። የተለመደው 1.75 ኢንች ቱቦ ሆኖ ግድግዳው 0.120 ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩ ነው። ግን እኔ መጀመሪያ የማየው ቱቦውን አይደለም፣ እግሮቹንና ሳህኖቹን ነው። አስቡት። ቱቦው ከሻንሲው ወደ ውጪ ርቆ ነው የቆመው። 2,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና በአንድ ጎኗ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ከ1,000 ኪሎ በላይ እዚያ ጫፍ ላይ ያርፋል። ይህ ክብደት ሻንሲው ላይ እንደ ረጅም መፍቻ ነው የሚሠራው፣ ጠምዝዞ ሊነቅል ይፈልጋል። እግሮቹ ሁለት ብቻ ከሆኑና ሳህናቸው የመዳፍ ያህል ከሆነ፣ ቱቦው የፈለገውን ያህል ቢወፍር ዋጋ የለውም። በየጎኑ ሦስት ወይም አራት እግር፣ ሰፊ ሳህን፣ በየሳህኑ ቢያንስ ሁለት ብሎን። ከዚህ ያነሰ አልገዛም።

የአሉሚኒየምም አለ። ይቀላል። ግን ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ይነክሰዋል፣ እንደ ብረት አይንሸራተትም። የብረቱ ጣጣ ክብደቱ ነው። ጥንዱ እንደ ርዝመቱ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ይደርሳል። ይህ መኪናዋ እንድትጭን ከተፈቀደላት ላይ የሚቀነስ ነው። ቤተሰብ፣ ድንኳንና ውኃ የምትጭኑ ከሆነ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

የኋላ ጫፉ ወደ ውጪ የተቀለሰ አለ። ዛፍ ወይም ድንጋይ ተጠግታችሁ ስትዞሩ የመኪናዋን ጀርባ ገፋ አድርጎ ያርቅላችኋል። ጠባብ መንገድ የምትወዱ ያንን ምረጡ።

ትልቁ ክርክር በብሎን ይታሰር ወይስ ይበየድ የሚለው ነው። እኔ ለአዲስ መኪና በብሎን ነው የምለው፣ ወዲያና ወዲህ የለውም። ብየዳ ጠንካራ ነው፣ አይላላም፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን እሳቱ ሻንሲው ውስጥ ያለውን ቀለምና ሰም ያቃጥላል። ከውጪ ቀለም ትቀቡታላችሁ፣ ከውስጥ ግን እጅ አይገባም፣ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። የዛሬ ሻንሲዎች ብዙዎቹ ከጠንካራ ብረት የተሠሩ ናቸው፣ ያለ አግባብ ሲሞቁ ብየዳው አጠገብ ይደክማሉ። የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ሻንሲውን ታክከው ነው የሚያልፉት። ባትሪው ሳይፈታ ከተበየደ ደግሞ ኮምፒውተሩም አደጋ ላይ ነው። የትም አገር ብትሄዱ «ብየዳ የሚችል ጓደኛ አለኝ» የሚል አበሻ አይጠፋም። ጓደኛችሁን ውደዱት፣ ሻንሲውን ግን አትስጡት።

ሻንሲ መብሳትም እንደዚሁ ነው። ጥሩ ስላይደር ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች ነው የሚታሰረው። መመሪያው ቀዳዳ ጨምሩ ካለ፣ እኔ ብሆን ሌላ ስላይደር እፈልጋለሁ። የገዛችሁት ካስገደዳችሁ ከሻንሲው የላይና የታች ጠርዝ ራቁ። ትራፓኖው ያጋለጠውን ብረትም በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት።

ስለ ዋስትናና ኢንሹራንስ ረጅም ነገር አልጽፍም፣ ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። ግን መኪናዋን የሸጠላችሁንም ኢንሹራንሳችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። በስልክ «ችግር የለም» ያላችሁ ሰው ነገ ሥራ ይቀይራል። አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ የኪራይ ውላችሁን እዩ። ፓርኪንግ ላይ መኪና መጠገን የሚከለክል ውል ብዙ ነው።

የመግጠሚያው ቀን አንድ ጓደኛ ጥሩ። አንዱ ጎን ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ተንጋልላችሁ በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው ብሎን ማስገባት የማይሆን ነገር ነው። ጓደኛ ከጠፋ ከክሪክ ላይ እንጨት አድርጋችሁ ስላይደሩን በሱ አንሱት። ብዙ ጊዜ መኪናዋን ራሷን ማንሳት አያስፈልግም፣ በአራት ጎማዋ እንደቆመች ይገጠማል። የግድ ካነሳችኋት የብረት ድጋፍ ከሥሯ አቁሙ። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

የፋብሪካው መወጣጫ ካለ መጀመሪያ እሱን ፍቱ። በኤሌክትሪክ የሚወርድ ከሆነ ገመዱን አትቁረጡ፣ ሶኬቱን ንቀሉና ውኃ እንዳይገባው ሸፍናችሁ እሰሩት። ቀጥሎ የሻንሲውን ቀዳዳዎች በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ሳህኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ በእጃችሁ ዳብሱ። እዚያ የሚያልፍ ገመድ ወይም ቱቦ ካለ ሳህኑ ሥር እንዳይጨፈለቅ ገለል አድርጉት።

እኔ የመጀመሪያውን ስገጥም አንዱን ብሎን አስገብቼ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ስደርስ ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር በግማሽ ጣት ተላለፈ። ሁሉንም ፈትቼ እንደገና። ስለዚህ ሁሉንም ብሎኖች መጀመሪያ በጣታችሁ ብቻ አስገቡ። ከዚያ ስላይደሩን አስተካክሉና በደፉና በቱቦው መካከል ያለውን ክፍተት ከፊት እስከ ኋላ እዩ። ቢያንስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። የመኪናው አካል ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ትራሶች ነው፣ በመጥፎ መንገድ ላይ ሁለቱ ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ክፍተት ከሌለ ስላይደሩ ሊጠብቀው የመጣውን ደፍ ራሱ ይደበድበዋል። በሮቹንም ክፈቱና ዝጉ። ክፍተቱ ደህና ከሆነ በኋላ ነው ከመሀል ወደ ዳር እየሄዳችሁ የምታጠብቁት።

እዚህ ላይ የሰው አገር ወጥመድ አለ፣ የመለኪያ ነገር። መመሪያው በፉት ፓውንድ ተጽፎ፣ የገዛችሁት ቶርክ ሬንች፣ ብሎንን በተለካ ኃይል የሚያጠብቀው መፍቻ፣ በኒውተን ሜትር ሊሆን ይችላል። 60 ፉት ፓውንድ 81 ኒውተን ሜትር ነው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ 60 ላይ ካቆማችሁ ብሎኑ አልጠበቀም። በተቃራኒው 80 ኒውተን ሜትር የተባለውን 80 ፉት ፓውንድ ካደረጋችሁት 108 ይሆናል፣ ብሎኑ ሊሳብ ይችላል። የመፍቻውም ነገር እንደዚሁ ነው። 19 ሚሊ ሜትርና ሦስት አራተኛ ኢንች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። 13 ሚሊ ሜትርና ግማሽ ኢንች ግን አይደሉም፣ የብሎኑን ጭንቅላት ይልጡታል።

ብሎን ጎድሏችሁ ሱቅ ከሄዳችሁ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የብረቱ ጥንካሬ ነው። የኢንች ብሎን ቁጥር የለውም፣ መስመር ነው ያለው። ሦስት መስመር መካከለኛ፣ ስድስት መስመር ጠንካራ። ምልክት የሌለውን አትግዙ። ናሙናውንም ይዛችሁ ሂዱ። የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። እኔ አንድ ሱቅ ገብቼ ከብሎን ሥር የሚገባውን ቀለበት «ሮንዴላ» ብዬ ሻጩ ሲያፈጥብኝ ነው ያስታወስኩት።

ሲያልቅ ክሪኩን ስላይደሩ ሥር አድርጋችሁ ያንን ጎን ቀስ ብላችሁ አንሱት። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ቱቦው ወደ ደፉ ከተጠጋ ወይም ሳህኑ ከተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ይህ በጓሮ ቢታወቅ ይሻላል። ከዚያ በቀለም ብዕር ከብሎኑ ጭንቅላት ወደ ሳህኑ የሚያልፍ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

መቶ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ። ሳህኑና ሻንሲው መካከል ያለው ቀለም ክብደት ሲያገኝ ይሳሳል፣ ያኔ ብሎኑ ሳይዞርም ይላላል። እኔ ይህንን ዘልዬ ነበር። ከአንድ ጉዞ ስመለስ ከኋላ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ሰምቼ ባሌስትራው ነው ብዬ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሁለት ብሎን በጣቱ አዞረልኝ፣ አንድ ቃል አልተናገረም።

የቀለሙን ነገር ብዙ አታስቡበት። በምድጃ የሚጋገረው ዱቄት ቀለም አዲስ ሲሆን ያምራል። ድንጋይ ሲልጠው ግን ውኃ ሥሩ ይገባና ዝገቱ ተደብቆ ይሄዳል። እኔ ተራ ጥቁር የሚረጭ ቀለም ነው የምጠቀመው። ከጉዞ መልስ የተፋቀውን በብሩሽ አጸዳለሁ፣ እረጫለሁ፣ እስኪደርቅ ብሎኖቹን አያለሁ።