የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሚጮኸው መጋቢ ፓምፕ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። በሰዓት 2 ቶን እንፋሎት በ10 ባር የሚሰጥ የናፍጣ ቦይለር እየገጠምን ነው። ለሙከራ ስናስነሳው የውሃ መጋቢው ፓምፕ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይጮኻል፤ ውሃም በቅጡ አይገፋም። ታንከሩ ከፓምፑ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ውሃው 88 ዲግሪ ነው። ለዋናው የእንፋሎት መስመርስ 2 ኢንች ቧንቧ ይበቃል? የሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ በራሱ የሚከፈተውን) እና የብሎውዳውኑን (የቦይለሩን ቆሻሻ ውሃ የሚያስወጣውን) መውጫ አገናኝተን ወደ ፍሳሽ መስመር ብንለቀውስ?

መልስ፦ ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት ታንከሩን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ያስነሱት። ጩኸቱ ከጠፋ ፓምፑ ደህና ነው፤ ውሃው ነው መግቢያው ላይ የሚፈላው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፓምፑ ሲስብ ግፊቱ በትንሹ ዝቅ ካለ ውሃው አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል) ውስጥ ሲከስም የሚያሰማው ድምፅ ነው የጠጠር የሚመስለው። እንዲህ እየሠራ ከቆየ ኢምፔለሩን ይቦረቡረዋል።

በባሕር ጠለል ላይ 88 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሳይፈላ የሚተርፈው ግፊት 3.8 ሜትር ያህል የውሃ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚተርፈው 1.2 ሜትር ብቻ ነው። የቦይለሩ መመሪያ ለቆላ አገር የሰጠውን የታንከር ከፍታ እዚህ እንዳለ መውሰድ የማይቻለው ለዚህ ነው። ታንከሩን ከፓምፑ በላይ ቢያንስ ወደ 3 ሜትር ያውጡት፤ ትክክለኛውን ልክ ከፓምፑ የኤንፒኤስኤች (ውሃው እንዳይፈላ ፓምፑ መግቢያው ላይ የሚያስፈልገው ግፊት) ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ። የመሳቢያ ቧንቧው ከፓምፑ አፍ አንድ ልክ ይስፋ፣ ክርኑ (መታጠፊያው) ይቀንስ፣ ማጣሪያው ይጽዳ። ሪዲዩሰር (ሰፊውን ቧንቧ ከጠባቡ የሚያገናኝ፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ) ካለ ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ አየር ይታቆርበታል። ለጊዜው ውሃውን ወደ 80 ዲግሪ ቢያወርዱት ፓምፑ ይረጋጋል። ነገር ግን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ ኦክስጅኑን የሚያስወግደውን የሶዲየም ሰልፋይት መጠን ይጨምሩ፤ ካልጨመሩ ቱቦዎቹ በዝገት ይበላሉ።

ለእንፋሎቱ 2 ኢንች አይበቃም። 10 ባር ላይ 1 ኪሎ እንፋሎት 0.177 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስለዚህ በ2 ኢንች ውስጥ በሰከንድ 45 ሜትር ያህል ይሮጣል። ከ25 እስከ 30 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። 3 ኢንች ያድርጉት፤ ፍጥነቱ ወደ 21 ሜትር ይወርዳል። መስመሩን ወደሚፈስበት አቅጣጫ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቁት፤ በየ30 እስከ 50 ሜትሩ የውሃ መሰብሰቢያና ስቲም ትራፕ (እንፋሎቱን ይዞ ውሃውን ብቻ የሚያስወጣ) ይግጠሙ። 30 ሜትር ቧንቧ ሲሞቅ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማልና መለጠጫ ሉፕ (የታጠፈ የቧንቧ ክፍል) ይተዉለት።

መውጫዎቹን ግን በፍጹም አያገናኙ! የብሎውዳውን ውሃ 184 ዲግሪ ነው፤ ግፊቱን ሲለቅ አንድ ስድስተኛው ያህል በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይቀየራል። ያ ግፊት በሴፍቲ ቫልቩ መውጫ ተመልሶ ቢገፋ ቫልቩ በሚያስፈልግበት ሰዓት በሙሉ አቅሙ ላይከፈት ይችላል፤ ሰውም ይቃጠላል። የሴፍቲ ቫልቩ ቧንቧ ለብቻው ከጣሪያ በላይ ይውጣ፤ ከቫልቩ አፍ አይጥበብ፣ መዝጊያ አይኑረው፣ የራሱ ድጋፍ ይኑረው፣ ታችኛው ክርኑ ላይ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የውሃ ማፍሰሻ ይበጅለት። ብሎውዳውኑ መጀመሪያ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ወደሚወጣ የማቀዝቀዣ ጋን ይግባ፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ወደ ፍሳሽ ይሂድ።

ያልጠየቁት ግን የሚገጥማችሁ የበርነሩ (የናፍጣ ማቃጠያው) ነገር ነው። የአዲስ አበባ አየር በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። በርነሩ ለከፍታው ካልተመረጠ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ቱቦዎቹንም በጥላሸት ይደፍናል። የጭስ ማውጫው ክብደትም በቦይለሩ አንገት ላይ እንዳያርፍ የራሱን ምሰሶ ይስጡት።